አዋጁ እኔን ጠቀመኝ፤ እህቴን ግን ደጅ አስቀራት

ከአከራዬ ጋር ወረዳ ሄደን የቤት ኪራይ ውል ያስመዘገብንበትን ቀን አልረሳውም። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ገና መጀመሩ ስለነበር ግቢው ጭቃ ሆኗል፤ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ደርሷል። እትዬ (ስማቸውን ልተወውና እንዲሁ እትዬ ልበላቸው) ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የቤታቸውን ካርታ በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ሥር ይዘውታል። ከፊታችን የቆመው አከራይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከተከራዩ ጋር ይነጋገራል። “አምስት ሺህ ነው በላቸው፤ የቀረውን በእጅ ትሰጠኛለህ።” ተከራዩ እሺም እንቢም ሳይል መሬት መሬት ያያል። እትዬ ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ፦

“እኛስ ስንት እንበል የኔ ልጅ?”

“የምከፍለውን እንበል እትዬ።”

የምከፍለውን አልን። ማታ ጓደኞቼ ያሉበት ግሩፕ ላይ “ከዛሬ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ማንም አይነካኝም” ብዬ ጻፍኩ። የጭብጨባ ስቲከር ጎረፈልኝ።

ደስታዬ ከምንም የመጣ አልነበረም። አዲስ አበባ ከገባሁ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ቀይሬያለሁ። አንዱ አከራይ ትንሽ ፍሪጅ ገዝቼ ሳስገባ በረንዳ ላይ ቆሞ አየኝና “ደሞዝ ተጨመረልሽ እንዴ?” አለኝ፤ በወሩ አንድ ሺህ ብር ጨመረብኝ። ሌላዋ ደግሞ “ወንድሜ ከአገር ቤት ሊመጣ ነው” ብላ በሁለት ሳምንት አስወጣችኝ። በኋላ እንደሰማሁት ወንድምየው የመጣው በደላላ ነው፤ የሚከፍለውም ከእኔ 1,500 ብር ይበልጣል። ፍራሽ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኖ የማያውቅ ሰው የተከራይን ኑሮ ባያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ስለዚህ በመጋቢት 2016 የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ሲያጸድቅ ካጨበጨቡት አንዷ ነበርኩ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆይ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። ጭማሪ የሚፈቀደውም በዓመት አንዴ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ በፊትም “ኪራይ መጨመርም ተከራይ ማስወጣትም ክልክል ነው” የሚል ደንብ ወጥቶ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ነበር፤ እኔ ግን ያ ደንብ ሲከበርልኝ አላየሁም። ይኼኛው ማኅተም አለው፣ ወረቀት አለው፣ ወረዳ አለው። ደግሞም ሠራ። ያቺ የሰኔ ወረቀት ከተመታች ወዲህ ኪራዬ ከልክ በላይ አልጨመረም፤ ማንም ልቀቂ አላለኝም።

ይህን ቀድሜ የተናገርኩት ነገ ኮሜንት ላይ “የአከራይ ጠበቃ” እንዳልባል ነው። እኔ ከአዋጁ ተጠቃሚዎች አንዷ ነኝ። የምጽፈው ግን ስለ እህቴ ነው።

ታናሽ እህቴ ባለፈው ዓመት በላብራቶሪ ቴክኖሎጂ ተመርቃ አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ሥራ አገኘች። “እኔ ጋ ትቆያለሽ፤ በአንድ ወር ውስጥ ቤት እናገኝልሻለን” አልኳት። እኔ በመጣሁበት ዘመን ቤት ማግኘት እንደዚያ ነበራ! ደላላ ትጠራለህ፣ ሦስት ግቢ ያዞርሃል፣ አራተኛው ላይ ቀብድ ትሰጣለህ። ኪራዩ ያስለቅስሃል እንጂ ቤቱ አይጠፋም።

ቴሌግራም ላይ ያሉትን የኪራይ ቻናሎች በሙሉ ተቀላቀልን። “ሰርቪስ፣ አንድ ክፍል፣ መብራትና ውሃ ያለው” ይላል፤ ፎቶውም አለ። ሲደወል “ተይዟል።” ማስታወቂያው ከወጣ አሥር ደቂቃ አልሞላውም፤ ተይዟል። አንድ ደላላ በስንት ልመና በአካል አገኘንና ቡና ጋበዝነው። “እህቶቼ ልንገራችሁ” አለ ስኒውን እያሽከረከረ፣ “ሰው ክፍል የለውም አይደለም። አለው። ግን ለማያውቀው ሰው አያከራይም። እኔ ራሴ ሥራ ፈትቻለሁ።”

ያየናቸው ቤቶችም ነበሩ። አንዱ ጋ የስድስት ወር ቅድሚያ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ “ወረቀት የሚባል ነገር የለም” ተባልን። ሌላ ቦታ አንዲት እናት እህቴን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ለእኔ ነገሩኝ፤ እሷ ፊታቸው ቆማ። “ልጅቷ ጨዋ ትመስላለች። ግን ነገ ሰው ታስገባ፣ ሌሊት ሙዚቃ ትክፈት፣ ምን አውቃለሁ? ሁለት ዓመት ላወጣት አልችልም አሉ። ይቅርብኝ።”

ተናድጄ ነው የወጣሁት። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ሴትዮዋ የተናገሩት ስለ እህቴ ጸባይ አልነበረም። ድሮ አከራይ ያላወቀውን ተከራይ የሚያስገባው እንደ ሙከራ ነበር፤ ካልተስማሙ በወሩ ይለያያሉ። አሁን ግን መተዋወቂያ የሌለው የሁለት ዓመት ጋብቻ ሆነ። እንዲህ ከሆነ ማንን ታስገባለህ? የዘመድህን ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኛህን፣ የመስጊድ ጎረቤትህን፣ በሰው በሰው የተነገረልህን። ከደሴ በአውቶቡስ ትናንት የገባችን፣ ወር ደሞዟን ገና ያልተቀበለችን ልጅ ግን አታስገባም። አዋጁ በሩን የዘጋው ለጥበቃ ነው፤ ውስጥ ላለነው ጠበቀን። እህቴ ግን በዚያ ሰዓት ውጭ ነበረች።

ከሁሉም ያመመኝ ሌላ ነው። የእኔ ክፍል አጠገብ ያለው ክፍል ባዶ ነው። ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ይኖሩበት ነበር፤ ጥቅምት ላይ ለቀቁ። እትዬ ከዚያ ወዲህ አላከራዩትም። አሁን ሽንኩርት፣ የበርበሬ ማዳበሪያና የልጃቸው ሁለት ሻንጣ ነው የሚኖርበት። አንድ እሑድ ቡና ላይ እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

“እትዬ፣ ለእህቴ ለምን አይሰጡልኝም?”

ዝም አሉ። ረከቦቱ ላይ ያለውን አመድ በጣታቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

“አንቺን አውቅሻለሁ። እሷን አላውቃትም፤ እሺ እሱስ ይሁን፣ ያንቺ እህት ናት። ግን የኔ ልጅ፣ ዋጋዬን የሚቆርጡልኝ እነሱ ናቸው። ቆርቆሮ ስገዛ ዋጋ የሚቆርጥልኝ ሰው አላገኘሁም። ሲሚንቶ ስገዛ አላገኘሁም። እኔን ብቻ ነው የሚያዩት?”

እትዬ ኢኮኖሚክስ አልተማሩም፤ ሒሳቡን ግን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ሦስቱን ክፍሎች የሠሯቸው ልጃቸው ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ብርና ባለቤታቸው ሲሞቱ ከዕቁብ በደረሳቸው ገንዘብ ነው። የጡረታ አበላቸው ለመድኃኒታቸው አይበቃም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሚስማር እንኳ ዋጋ የት እንደደረሰ የሚያውቁት ናቸው። ከተማ አስተዳደሩ ከ2015 ጀምሮ የጣሪያና ግድግዳ ግብርን በአዲስ ተመን ሲሰበስብ እሳቸውም ተሰልፈው ከፍለዋል። መንግሥት ከቤቱ የሚወስደውን ከፍ አድርጎ፣ ቤቱ የሚያስገባውን ደግሞ በጣሪያ ገድቦታል። በእሳቸው ቦታ ብሆን ሽንኩርት አስቀምጥበት እንደሆነስ ምን ታውቃላችሁ?

እኛ “የግል ዘርፍ” ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ቦሌ ላይ ያለ ባለ መስታወት ፎቅና ባለ ጥቁር መኪና ባለሀብት ነው። ስለዚህ መንግሥት እጁን ሲያስገባ “ይበላቸው” እንላለን። ግን የዚህ ከተማ ተከራይ ዋና አከራይ እሱ አይደለም። አከራዩ እትዬ ናቸው። ጓሮው ላይ ሁለት ክፍል የቀጠለ ጡረተኛ አስተማሪ ነው፤ ዐረብ አገር ያለች እህቱ በላከችለት ብር ሰርቪስ የሠራ የታክሲ ሹፌር ነው። የእነሱ ድርጅት ንግድ ፈቃድ የለውም፣ ሎጎ የለውም፣ ምክር ቤት የሚናገርለትም የለም። ሲከፋው ሰልፍ አይወጣም፤ ዝም ብሎ በሩን ይቆልፋል። የተቆለፈ በር ደግሞ በሪፖርት አይወጣም። “ይህን ያህል ሺህ ውል ተመዘገበ” ተብሎ ይነገራል። ስንት ክፍል ከገበያ እንደወጣና ስንት ክፍል ሳይሠራ እንደቀረ ማን ይቆጥራል?

ይህን ነገር ስከታተል አያቴ ቤት ትዝ አለኝ። ደሴ፣ ሸዋበር ነው ያደግነው፤ የቀበሌ ቤት ውስጥ። ልጅ እያለሁ የወር ኪራዩን ለመክፈል የምላከው እኔ ነበርኩ፤ ሰባት ብር ካምሳ። በዚያ ብር ያኔም ቢሆን አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። አያቴ ያንን ቤት ያገኙት በደርግ ጊዜ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም ተባለ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ዝቅተኛ ለሚከፍለው ቅናሹ ከፍ ያለ ነበር። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ገቡ። አያቴ ይህን ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። “ያን ቀን እልል ብለናል” ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለጭሰኛ ልጅ፣ በኪራይ ሲንከራተት ለኖረ ሰው፣ ትልቅ ቀን ነበር።

እልልታው ካለፈ በኋላ የመጣውን ግን እኔ ኖሬበታለሁ። በሰባት ብር ካምሳ ማን ጣሪያ ያድሳል? ቀበሌው ገንዘብ የለውም። አያቴ ራሳቸው እንዳያድሱ ቤቱ የእሳቸው አይደለም፤ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ በዓመት አይመጣም። ክረምት በመጣ ቁጥር ሦስት ባልዲና አንድ የሽንት ፖፖ በየቦታው እናስቀምጥ ነበር፤ የትኛው ጠብታ የትኛው ባልዲ ላይ እንደሚያርፍ በድምፁ አውቅ ነበር። ግድግዳው ወደ ጎረቤት ያዘነበለ ነበር፤ አያቴ “እኛም ተደግፈን ነው የኖርነው” እያሉ ይቀልዳሉ። ያን ቤት የሠራው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ቤት አልሠራም። ማን ሊቀማው ይሠራል? ከ1967 እስከ 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ እስኪታወጅ ድረስ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ግለሰብ በሕግ አልነበረም። ከተማው በሰው እየሞላ፣ ቤቱ ግን ባለበት ቆመ። ዛሬ የምንሻማው ያኔ ሳይሠሩ የቀሩትን ቤቶች ጭምር ነው።

መንግሥት በኋላ “እኔ ልሥራው” ብሎ ተነሣ፤ ኮንዶሚኒየም። ይሄን ቀላል ነገር ነው ማለት አልችልም፤ ስንት ቤተሰብ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን በር ቆልፏል። አክስቴ በ1997 ተመዝግባ ከአሥር ዓመት በኋላ የካ አባዶ ደረሳት። እልል አልን። ግን የባንክ ዕዳውን መክፈል ስላቃታት ቤቱን አከራይታ እሷ ከሦስት ልጆቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ባለቤትም አከራይም ተከራይም ናት፤ አዋጁ የትኛዋን አክስቴን እንደሚጠብቅ እሷም አታውቅም።

ያልደረሳቸውስ? በ2005 በተደረገው ምዝገባ አዲስ አበባ ላይ ከ900 ሺህ ሰው በላይ ተመዘገበ። እንደ ተመዘገበው የደረሰው ጥቂቱ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በ10 ዓመት ቁጠባ ውስጥ አንድ ወር አላሳለፈም። ሐምሌ 2014 ላይ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ቢሮ ውስጥ ስልኩን ይዞ ስክሪኑን እንዴት ያድስ እንደነበር ዓይኔ ላይ አለ። በቀናት ውስጥ ዕጣው ተሰረዘ። ለዕጣው ብቁ የነበሩት ወደ 79 ሺህ ሰዎች ሆነው ሳለ ሲስተሙ ላይ የተጫነው መረጃ ግን ወደ 172 ሺህ ሰዎችን የያዘ ሆኖ ተገኘ ተባለ፤ የተጠረጠሩ ሰዎች ታሰሩ። ዕጣው ኅዳር 2015 ላይ እንደገና ወጣ። ባልደረባዬ አልደረሰውም። ያኔ ያለኝ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል፦ “አለመድረሱ አይደለም። አሥር ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ትንሽ መሬት ልግዛ፣ ከጓደኞቼ ጋር ማኅበር ልግባ ስል፣ ‘ኮንዶ ይደርሰኛል’ እያልኩ ቀረሁ።”

እኔ መንግሥት በገባበት ቦታ ሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ሌብነቱ አንድ ነገር ነው፤ ሌባ በግሉም አለ። ትልቁ ነገር ዝርዝሩ ነው። ስምህ ዝርዝር ውስጥ ከገባ በኋላ ሕይወትህን ዝርዝሩ ይይዘዋል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ በ2003 ታኅሣሥ መጨረሻ፣ መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎች ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። አያቴ በደስታ “አሁን ነው ነጋዴ የሚታየው!” አሉ። በሳምንቱ ሱቁ ውስጥ ዘይት የለም። ባለሱቁ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ ማታ ግን በጓሮ በር፣ በሌላ ዋጋ፣ ይኖራል። ለአብዛኞቹ ዕቃዎች ጣሪያው በዚያው ዓመት ተነሣ። ዘይትና ስኳር ግን ለዓመታት በኅብረት ሱቅ፣ በካርድ፣ በሰልፍ ሆኑ። ቢጫ ጀሪካን ይዤ የተሰለፍኩባቸውን ቅዳሜዎች ብደምራቸው አንድ ሴሚስተር ይወጣቸዋል።

“የእኛ አገር ሰው ስለሆነ ነው” የሚል ደግሞ አይጠፋም፤ ሁሉን ነገር በባህሪያችን ማሳበብ እንወዳለን። በርሊን እኮ የእኛ ሰው አይደለም። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2020 የበርሊን ከተማ የቤት ኪራይን ባለበት የሚያቆም ሕግ አወጣ። ውስጥ ለነበሩት ተከራዮች ኪራይ ቀነሰላቸው። ለኪራይ የሚወጣው የቤት ማስታወቂያ ግን በጣም አነሰ፤ አዲስ ለሚመጣው ሰው ቤት ማግኘት የበለጠ ከበደ። በ2021 ደግሞ የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት “ይህን ማውጣት የከተማው ሥልጣን አይደለም” ብሎ ሻረው፤ ተከራዮች የተቀነሰላቸውን ኪራይ መልሰው እንዲከፍሉ የተጠየቁበት ሁኔታም ነበር።

ታዲያ ምን ይሁን? አከራይ ፍሪጅ ባየ ቁጥር ይጨምር? በሁለት ሳምንት ያስወጣን?

አይደለም። አዋጁ ውስጥ ያሉት ነገሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ውል በጽሑፍ ይሁን ማለት፣ ልቀቂ ከማለትህ በፊት በቂ ጊዜ ስጥ ማለት፣ የስድስት ወር አትቀበል ማለት፣ ክፍያው ማስረጃ ይኑረው ማለት የመንግሥት ሥራ ነው፤ እንዲያውም ዋና ሥራው ነው። ሁለት ሰው በተስማማበት ነገር ላይ አንዱ ሲክድ የሚዳኝ ሌላ ማን አለ? ለእኔ እንቅልፍ የሰጠኝም እሱ ነው፤ “በሁለት ሳምንት ውጪ” አለመባሉ። የዋጋው ነገር ግን ሌላ ነው። አንድ ቢሮ ቁጭ ብሎ ለእኔ ግድግዳው ለሚያስተላልፍ ክፍልና ከመንገዱ ማዶ ሴራሚክ ለለበሰው ክፍል አንድ መቶኛ ያወጣል። የእትዬን ቆርቆሮ አያውቅም። የእህቴን ደሞዝ አያውቅም። ዋጋው በውላችን ተጽፎ፣ በውሉ ዘመን በምን ያህል እንደሚጨምር እዚያው ቀድመን ተስማምተን ብንፈርም፣ ወረዳው ደግሞ ያን ቢያስከብርልን ይበቃን ነበር። የውሉንም ዘመን እኛው ብንወስን። እህቴ የስድስት ወር ውል ብትሰጧት በደስታ ትፈርማለች፤ ሁለት ዓመት የሚል ወረቀት ይዛ ቤት ከምታጣ።

ኪራይ የሚወደደው ቤት ስላነሰ ነው። ቤት ያነሰው ደግሞ መሬት ስለማይገኝ ነው፤ መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በተግባር በሊዝም ሆነ በምደባ የሚያወጣው አንዱ አካል ብቻ ነው። ብቸኛው የመሬት አቅራቢ “ቤት ተወደደ” ብሎ አከራዩን ሲቆጣ መስማት ይገርመኛል። እዚያው ላይ በ2016 ፒያሳ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሡ ከፈረሱት ውስጥ ርካሽ የኪራይ ክፍሎች ብዙ ነበሩ። መንገዱ አምሯል፤ እኔም ሠርክ እየሄድኩ እንሸራሸርበታለሁ፤ ፎቶም ለጥፌያለሁ። ግን እነዚያ ክፍሎች ውስጥ የነበሩ ሰዎች አልተነኑም። ዛሬ ከእህቴ ጋር በአንድ ቻናል ላይ “ተይዟል” እየተባሉ ነው።

እትዬ ከሰርቪሶቹ በላይ ሁለት ክፍል መቀጠል ይፈልጋሉ። ልጃቸው ብር ልካለች። ፈቃድ ለመጠየቅ አንድ ቢሮ አራት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዴ ሲስተም የለም፣ አንዴ “የአካባቢው ፕላን እየተከለሰ ነው”፣ አራተኛው ላይ ደግሞ ፋይላቸው ጠፋ። በእነዚያ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ሁለት እህቴን የሚመስሉ ልጆች ይኖሩ ነበር። እኔን የሚጠብቀኝ ቢሮና እነሱን ያስቀረው ቢሮ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። መንግሥት አዲስ ሥራ ከመያዙ በፊት ይቺን አንድ ፋይል ቢያገኝልን ኖሮ ብዬ አስባለሁ። አዲስ ኃላፊነት በጨመረ ቁጥር ሰው ያስፈልገዋል፣ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል፣ ማኅተም ያስፈልገዋል፤ እያንዳንዱ ማኅተም ደግሞ ሰልፍ አለው። ሰልፍ ባለበት ሁሉ ከኋላ በር የሚገባ ሰው አለ፤ ያ ሰው እህቴ አይደለችም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ስል “አንቺማ ውል አለሽ፣ ምን አለብሽ” ይሉኛል። ልክ ናቸው። ውሌ ሰኔ ላይ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። እትዬ ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ቡና ላይ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ነው የምናወራው። ያ የምወደው ቡና አሁን ትንሽ የቢሮ ጠረን አለው፤ እሳቸው እኔን ሲያዩ ሁለት ዓመት ያያሉ፣ እኔም እሳቸውን ሳይ ሰኔን አያለሁ።

እህቴ ቤት አገኘች። ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ በክሊኒኩ የጽዳት ሠራተኛ በኩል፣ ከተማው ዳር። ሁለት ታክሲ ትይዛለች። ስድስት ወር ቀድማ ከፍላለች፤ ግማሹን እኔ አበድሬያታለሁ፣ ግማሹን አክስቴ። በጥሬው፣ በሰው ፊት ሳይሆን ጓዳ ውስጥ። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ ክፍሏን አየሁት፤ ንጹሕ ነው፣ መስኮት አለው። እንደልማዴ “ውል አስመዘገባችሁ?” አልኳት። ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችና በሹክሹክታ፣ “ዝም በይ እባክሽ” አለችኝ፣ “አከራዬ እንዳይሰሙሽ።”